ወደ ጣርማ በር፣ በሶማሌ ተራ በኩል

ቅዳሜ ማለዳ ቤተሰብ ጭነው እስከ ጣርማ በር ሽርሽር ሊወጡ ካሰቡ መንገዱ በምሥራቅ ነው፤ መገናኛን፣ ላምበረትን፣ ኮተቤን አልፎ በካራ ይወጣል። እርስዎ ግን በዋዜማው ሳምንት ወደ ምዕራብ ይነዳሉ። አዲስ ከተማ ይገባሉ፣ መርካቶን ይሰነጥቃሉ፣ የመኪና መለዋወጫ መሸጫው ሶማሌ ተራ ይደርሳሉ። ስልክዎ ውስጥ ያለው ካርታ ይህን አይነግርዎትም። ካርታ የሚያውቀው መንገዱን እንጂ መኪናዎን አይደለም። መኪናዎን የሚያውቀው ሶማሌ ተራ ነው፤ ግማሽ አካሉ ከዚያ የተገዛ ስለሆነ ዘመድ ሊያስጠይቁት ወሰዱት ቢባል አልተጋነነም።

«ለአንድ ቀን ሽርሽር ይህ ሁሉ ዝግጅት?» የሚሉ አሉ። እንዲህ የሚሉት ወይ አዲስ መኪና ያላቸው ናቸው፣ ወይ በሰው መኪና የሚሄዱ። ለእነርሱ ምክር የለኝም፤ መልካም መንገድ። ይህ ምክር ሦስት ባለቤት ላሳለፈ ኮሮላ አራተኛ ባለቤት ለሆኑት፣ ቁልፍ ባዞሩ ቁጥር በሆዳቸው ጸሎት ለሚያደርሱት ነው።

እኛ ደግሞ ጥቂት አይደለንም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገለ መኪና ላይ ዕድሜው በገፋ ቁጥር እየከበደ የሚሄድ፣ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ግብር ጣለ። በ2016 በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ጭራሽ ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለና ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተነሳ። እንግዲህ አሮጌውን መቀየር ካልተቻለ አሮጌውን ማስታመም ነው። የማስታመሚያው ቦታም ይታወቃል። (በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና የገዙ ወዳጆቼ እዚህ ላይ ፈገግ ይላሉ። ደብረ ብርሃን ደርሰው የባትሪያቸውን ቁጥር አይተው የመመለሻውን ኪሎ ሜትር ሲያሰሉ ፈገግታቸው እንዴት እንደሚሆን ሌላ ቀን እንነጋገራለን።)

ሶማሌ ተራ የሚሄዱት በጠዋት ነው። ነጋዴው ገና መፍቻ ያላገኘ ከሆነ ዋጋው ለስለስ ይላል፤ «ለመፍቻ ብዬ ነው እንጂ» የሚለውን ቃል ከሰሙ በደህና ሰዓት ደርሰዋል ማለት ነው። እሑድ አይሂዱ፤ የተዘጋ በር ቆጥረው ይመለሳሉ። ክራቫት አይሰሩ። ነጭ ጫማ ያደረገ ሰው በሶማሌ ተራ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንዴ ለዕቃው፣ አንዴ ለጫማው። ከመኪና ላይ የተፈታ ካምቢዮ በጋሪ ሲያልፍ መንገድ ይልቀቁ፤ ካምቢዮው ይቅርታ አይጠይቅም፣ ዘይቱም ከሱሪ አይለቅም።

ከሁሉ በላይ ግን ዝርዝር ጽፈው አይሂዱ። የተማረ ሰው ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። እኔም አንድ ጊዜ በጥሩ እጅ ጽሑፍ አሥራ አንድ ዕቃ ዘርዝሬ ሄጄ ነበር። ነጋዴው ወረቀቱን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች ካነበበ በኋላ በታላቅ አክብሮት መለሰልኝና «ጋሼ፣ የታለ ዕቃው?» አለኝ። በሶማሌ ተራ ዕቃ በስሙ አይጠየቅም፣ በሬሳው ነው። የተበላሸውን አስፈትተው፣ በፌስታል ጠቅልለው፣ ይዘው ይቀርባሉ። ነጋዴው ያገላብጠዋል፣ ጥርሱን ይቆጥራል፣ በአውራ ጣቱ ጥላሸቱን ይጠርጋል፣ ከዚያ «ሞዴሉ?» ይላል። እርስዎ ሊብሬው ላይ ያነበቡትን ዓመት ይነግሩታል። እርሱ ራሱን ይነቀንቃል። ሊብሬው ላይ ያለው ዓመትና እጁ ላይ ያለው ዕቃ ከተቃረኑ የሚታመነው ዕቃው ነው፤ ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሦስት ባለቤቶች ምን እንደገጠሙበት የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነውና። እኔ የመኪናዬን እውነተኛ ታሪክ የሰማሁት እዚያ ነው። ሞተሩ የአንድ ዓመት፣ ካምቢዮው የሌላ ዓመት፣ የግራ በሩ ደግሞ «ይሄስ ከየት መጣ?» የሚባል ዓይነት ነበር።

«የለም» የሚባል መልስ አይጠብቁ። ሱቁ ውስጥ ከሌለ «ቆይ» ይባላሉ፣ አንድ ልጅ ሬሳውን ይዞ በጠባቧ መተላለፊያ ይሰወራል፣ እርስዎ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ይቀመጣሉ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ልጁ ሁለት አንድ ዓይነት ዕቃ ይዞ ይመለሳል፤ የትኛው የእርስዎ እንደነበር ለማወቅ በደንብ ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ የጥራት ነገር ይነሳል። እዚህ ላይ ተጓዡ ቋንቋ መቻል አለበት። «ኦሪጅናል ነው» ማለት ፓኬቱ ያምራል ማለት ነው። «የጃፓን ኦሪጅናል» ማለት ፓኬቱ ላይ ጃፓን የሚል ተጽፎበታል ማለት ነው። ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ ዙሪያውን ቃኝቶ «ከመኪና የወረደ ነው» ያለዎት ጊዜ ግን ጆሮዎን ይስጡ። ይህኛው ፓኬት የለውም፣ ዘይት ጠጥቷል፣ መልኩም አያምርም፤ ነገር ግን የሞተ መኪና አውርሶት የሄደ እውነተኛ አካል ነው። እርሱን ይግዙ። ያማረውን ፓኬት ለልጆችዎ መጫወቻ ቢሆን ብለው ካልፈለጉት በቀር ይተውት።

ስለ ስፖኪዮ የሚወራውን ሳይሰሙ አይቀሩም። ሰውዬው ማታ መኪናውን አቁሞ ያድራል፣ ጠዋት ሲነሳ ስፖኪዮው የለም፤ ሶማሌ ተራ ሄዶ አንድ ይገዛል፣ ሲገጥመው ልክክ ይላል፣ ጠጋ ብሎ ሲያየው ጭረቷ ሳትቀር የራሱ ናት። ይህ ታሪክ በከተማው ውስጥ በሁሉም ሰው የአጎት ልጅ ላይ ደርሷል። በራሱ ላይ የደረሰበት ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም፤ ስለዚህ እንደ ተረት ይያዙት፣ ስፖኪዮዎ ላይም የታርጋ ቁጥርዎን ያስቀርጹ። የእኔም አንድ ሌሊት ሄዶብኝ ነበር። ምትኩን ስገዛ ጭረቴን በጉጉት ፈለግሁ። አልነበረችም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ፤ በወሬው ውስጥ ልገባ ነበርና።

ቃላቱን እንዳይፈሩ ደግሞ ትርጉማቸውን ልንገርዎት። ከሶማሌ ተራ መዝገበ ቃላት ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ካንዴላ ማለት ሻማ ነው። ማርሚታ ድስት ነው። ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ ነው። ፍሬቻ ቀስት፣ ስፖኪዮ መስታወት። መካኒኩ ግንባሩን ቋጥሮ «ካንዴላው አልቋል፣ ማርሚታው ተበስቷል፣ ኩሽኔታውም ይጮሃል» ሲልዎት በሮም አማርኛ ሻማ አልቆብዎታል፣ ድስትዎ ተበስቷል፣ ትራስዎም ይጮሃል እያለዎት ነው። እንዲህ ሲሰሙት ነገሩ የቤት ጣጣ ይመስላል፤ ሂሳቡ ሲመጣ ግን አይመስልም። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ ገበያ ማለት ነው፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው ዛሬ ያለበት ያሰፈሩት ጊዜ የተተከለ። ስለዚህ ሽርሽርዎ ከአንድ የጣሊያን ቅርስ ተነስቶ፣ የጣሊያን ስም ያላቸውን ዕቃዎች ተሸክሞ፣ ጣርማ በር ላይ ጣሊያኖች ወደ ፈለፈሉት ዋሻ የሚያደርስ ጉዞ ነው። የኢትዮጵያዊ ድርሻ በዚህ ውስጥ ምንድን ነው ቢሉ፣ መግፋት ነው።

ምን ይግዙ? ሰው ሁሉ ጎማ ይላል። ጎማስ ይሁን፤ ስኮርታዎ አየር እንዳለው ጎሚስታ ያሳዩ፣ ክሪኩ እንደሚያነሳ ይሞክሩ። እኔ ግን የምመክርዎት ማንም የማይመክረውን ነው፤ የራዲያተር ክዳን። በባሕር ጠለል ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር በየ300 ሜትሩ አንድ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ውኃ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል። ራዲያተርዎ ይህን የሚቋቋመው ክዳኑ እንፋሎቱን አምቆ፣ ግፊት ፈጥሮ፣ የመፍያውን ልክ ወደ ላይ ስለሚገፋው ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግን መኪናዎ ድስት ይሆናል፤ ያውም በዳገት ላይ ያለ ድስት። ክዳኗ ትንሽ፣ ቀላል፣ በኪስ የምትያዝ ዕቃ ናት። ሁለት ይግዙ። ሲግል እንዳይከፍቷት ብቻ፤ ሹፌር ፊቱ ላይ ጠባሳ ካዩበት ታሪኩን አይጠይቁት፣ ይህችው ናት።

ጉልበትም ይቀንሳል። ሞተር እንደ ሰው አየር ይተነፍሳል፣ በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። ፋብሪካው 70 ፈረስ ብሎ የጻፈለት መኪና ጣርማ በር ላይ 50 የማይሞሉ ፈረሶች ይዞ ነው የሚደርሰው። የቀሩት ደብረ ብርሃን ላይ አረቄ ቤት ገብተው ቀርተዋል ብለው ይያዙት። ስለዚህ ጭነት ይቀንሱ። ይህን ምክር ለባለቤቴ ሰጥቻት ነበር። እርስዋ በበኩሏ ድፎ ዳቦ፣ ሁለት ፔርሙዝ፣ የጀበና ዕቃ ከነረከቦቱ፣ አንድ ምንጣፍና እናቷን ጨመረች። አማቴ የደብረ ሲና ልጅ ናቸው። ከአርባ ዓመት በፊት በአውቶቡስ የመጡበትን መንገድ በግል መኪና ሊያዩት ነው፤ ማን ይከለክላቸዋል? ከኋላ የነበሩት ክሪክ፣ ገመድና የውኃ ጀሪካን ከድፎው ጋር ቦታ ተሻሙ። ድፎው አሸነፈ። ጀሪካኑ እግራቸው ሥር ገባ።

አሁን አንድ ነገር ያለ ቀልድ ልበል። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ይህ መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት አሉ፤ መንገደኛ የተጎዳባቸውም። ሽርሽር ከሰው ነፍስ አይበልጥም። ዜና ሰምተው ብቻ አይነሱ፤ ላምበረት መናኸሪያ ጎራ ብለው ትናንት ማታ ከዚያ የገቡትን ሹፌሮች ይጠይቁ፣ ደብረ ብርሃን ዘመድ ካለም ይደውሉ። መልሱን ማድመጥም ጥበብ አለው። «ሰላም ነው» ካለዎት ይሂዱ። «ደህና ነው» ካለዎት ሌላ ሰው ይጠይቁ። «ኧረ ደህና ነው» ካለዎት ድፎውን እዚያው ቤትዎ ይቁረሱ። እኔ ሁለት ቅዳሜ ድፎ ቤቴ ቆርሼ ነው በሦስተኛው የወጣሁት።

ከካራ በኋላ ያለው መንገድ ብዙ ምክር አይፈልግም። ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሁሉም ሜዳ ነው፤ ጋሪና በግ ይጠብቁ። ሸኖ ላይ ቅቤ አለ፤ ስሙ የገነነ። በመሄጃ አይግዙ፣ በመመለሻ ነው እንጂ፤ ከጣርማ በር ገደል ሥር ያለው ቆላ ቅቤ አይወድም። (አማቴ በመሄጃ ገዙ። «በመመለሻ ካለቀስ?» አሉ። ሸኖ ላይ ቅቤ ያለቀበትን ቀን ታሪክ አልመዘገበም፤ ቢሆንም ዝም አልኩ።) ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ላይ ትገኛለች። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰማይ ብርሃን አይተው ከተሙባት ይባላል፤ ስሟም ከዚያ ነው። ብርሃኑ ግን ሙቀት አልነበረውም። ብርዷን ለመግለጽ ሌላ ቃል አያስፈልግም፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለው እዚያ ነው። ቁርስ ይብሉ፣ ነዳጅ ይሙሉ፣ ራዲያተሩን ይዩ፣ ጃኬት ይልበሱ።

ከዚህ በኋላ መሬቱ እየራቆተ፣ ሰማዩ እየቀረበ፣ አጥሩ ሁሉ ድንጋይ እየሆነ ይሄዳል። መኪናዎ ቀድሞ የማያውቀውን ድምፅ ያሰማል። አይደንግጡ፤ እርስዎም በዚህ ከፍታ ላይ ቢሮጡ እንዲሁ ነው የሚያሰሙት።

ዝግጅት ስል አንዳንዱ ሰው ስለሚስቅብኝ፣ በዚህ መንገድ ላይ ያለ ዝግጅት የተጓዘውን ታላቅ ሰው ላንሳ። በ1928 ሚያዝያ የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ተነስቶ ከሺህ በላይ መኪና አስከትሎ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመረ። ጉዞውን «የብረት ፈቃድ ጉዞ» አሉት። ብረቱም ፈቃዱም ነበረው። ጣርማ በር ሲደርስ ግን መንገዱ ፈርሶ ጠበቀው፤ ዝናብና ጭቃ ተጨመረበት። ያ ሁሉ መኪና ገደሉ ላይ ተሰልፎ ቆመ፣ ወታደሩ ወርዶ ድንጋይ ሲያነጥፍ ዋለ አደረ። አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነው። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ዳግም እንዲህ ዓይነት ውርደት እንዳይመጣ ተራራውን የበሱት፤ ሕዝቡ «የሙሶሎኒ ዋሻ» የሚለውን። በአምስተኛው ዓመት በዚያው ቀን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ገቡ። ጣሊያኖቹ ሄዱ፤ ዋሻውና ካንዴላው ቀሩ። ምክሩ ምንድን ነው? ሺህ መኪና ይዞም ጣርማ በር ላይ መቆም አለ። በአንድ ኮሮላ ቢቆሙ አይፈሩ።

ዋሻው ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከመግባትዎ በፊት መብራት ያብሩ፣ ክላክስ ይንፉ፤ ከወዲያ የሚመጣው አይሱዙ መብራቱ አንድ ዓይና ሊሆን ስለሚችል ሞተር ሳይክል ነው ብለው እንዳይሸወዱ። አማቴ ወደ ውስጥ ስንገባ በስመ አብ ብለው አማተቡና ትንፋሻቸውን ያዙ፤ በልጅነታቸው ሁሉም ልጅ እንዲያ ነበር የሚያደርገው። ኮሮላዬ በሁለተኛ ማርሽ ስለሚሄድ እኔ ለትንፋሻቸው ሰጋሁ።

ወጥተው ሲመለከቱ ግን፣ ይህን በማጋነን አልጽፈውም፣ አገር እግርዎ ሥር ያልቃል። ደጋው በቢላ እንደተቆረጠ ድፎ ይቆምና ከታች ደመና፣ ከደመናው ሥር ተራራ፣ ከተራራው ሥር ሰማያዊ የሆነ ቆላ ይዘረጋል። ከኋላዎ በደብረ ብርሃን በኩል የጣለ ዝናብ በጀማ ወንዝ አድርጎ ዓባይ ይገባል፣ ሱዳንን፣ ግብፅን አቋርጦ ባሕር ያያል። ከፊትዎ የወረደው ደግሞ ወደ አዋሽ ነው፤ አዋሽ ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ ባሉ ሐይቆች ውስጥ ይቀራል። አንዲት ጠብታ ከዋሻው ወዲህ ወይም ወዲያ በመውደቋ ብቻ እንዲህ ትለያያለች። ጭላዶቹ ይህ አያስጨንቃቸውም። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌሉ፣ ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት ያለባቸው፣ ከዝንጀሮ ወገን ሆነው እንደ በግ ሣር የሚግጡ እንስሳት ናቸው። ገደል አፋፍ ላይ ቁጭ ብለው በጣታቸው ሣሩን እየነቀሉ ይበላሉ። ልጆችዎ ዳቦ እንዳይወረውሩላቸው፤ የሰው ምግብ የለመደ ጭላዳ መንገድ ዳር ይቀራል፣ መንገድ ዳር የቀረ ደግሞ መኪና ይበላዋል።

ፎቶ አነሳን። ቡና ተፈላ። ረከቦቱ እንኳ ጠቀመ። ከዚያ «እንመለስ» ብዬ ቁልፉን ሳዞር መኪናው «ጠቅ» አለ። ደግሜ ሳዞር፣ ጠቅ። ሁለት የራዲያተር ክዳን ነበረኝ፤ ራዲያተሩ እንደ ቅዱሳን ጸጥ ብሎ ነበር። ስኮርታው አየር ነበረው። የተበላሸው ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ ነው፤ ስለ እርሱ በሶማሌ ተራ አንድ ቃል ተንፍሼ አላውቅም።

እዚህ ላይ ምክሬ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ ጎማው ሥር ታኮ ያድርጉ፣ መንገዱ ላይ ቅጠል ጣል ያድርጉ፤ ሲሄዱ ግን ድንጋይዎን ያንሱ፣ ለሚቀጥለው ሰው ወጥመድ ትተው አይሂዱ። ሁለተኛ፣ ይደሰቱ። ሞተሪኖ የሚበላሽበት ቦታ ይምረጡ ቢባሉ ከጣርማ በር የተሻለ አያገኙም፤ ከ3000 ሜትር በላይ ተነስቶ ሸዋ ሮቢት ድረስ፣ እስከ 1300 ሜትር ገደማ፣ መንገዱ ቁልቁለት ነው። አንድ አይሱዙ ቆመ። ሹፌሩና ረዳቱ ወርደው ገፉልኝ፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሳደርግ ኮሮላው ደንግጦ ተነሳ። አንድ ችግር ብቻ ነበር። ፊቱ ወደ ደብረ ሲና ነው። ቤታችን በሌላ በኩል ነው።

«እንግዲህ ደብረ ሲና ከገባን» አሉ አማቴ፣ ይህንን ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቁት እንደነበረ ሰው፣ «ዘመድ ሳንጠይቅማ አንመለስም፣ ልጄ።»

በዚህ ቁልቁለት ላይ አንድ ነገር ብቻ ያስታውሱ፤ ነዳጅ እቆጥባለሁ ብለው ፎሌ አድርገው እንዳይወርዱ። ፎሌ በጣሊያንኛ እብድ ማለት ነው፤ ቃሉ ራሱ ይመክራል። ማርሽ አስይዘው፣ ሞተሩ እንዲይዝልዎት አድርገው ይውረዱ፤ ፍሬኑ ላይ ብቻ ተኝተው ከወረዱ ሸራው ግሎ መያዙን ይተዋል፣ የሚሸት ነገር ከሸተትዎ ጊዜው አልፏል። የጫነ መኪና ከፊትዎ እየተንፏቀቀ ቢያገኙም አይቅደሙት። የሚያውቀው ነገር አለ።

ደብረ ሲና ገባን። ሞተሩን ማጥፋት አይቻልም፤ ከጠፋ አይነሳም። ስለዚህ የአማቴን የአክስት ልጅ የጠየቅነው ሞተሩ እየሠራ፣ በየተራ ነው። ሁለቱ ገብተው ሲስሙ አንዱ መሪ ይዞ ይቀመጣል። ቆሎ ሻጮቹ ልጆች የሚሠራ ሞተር ሲሰሙ ሊያመልጥ ያለ መንገደኛ መስሏቸው በሩጫ መጡ፣ በአራቱም መስኮት ቆሎ ገባ። የደብረ ሲና ቆሎ ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ሱፉ ለየብቻ ነው የሚታመሰው። ስንት እንደገዛሁ አላውቅም። ግማሹ ወንበር ሥር፣ ግማሹ እቃ ሳጥን ውስጥ፣ ጥቂቱ ደግሞ ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት ከአየር ማስገቢያው ይወጣ ነበር። የሸኖውም ቅቤ እንደፈራሁት ሆነ። ዳገቱን ስንመለስ፣ ዋሻውን ስናልፍ፣ ደብረ ብርሃን ስንደርስ ሞተሩ አልጠፋም። ቤቴ በር ላይ ሳጠፋው ከሰፈሩ አንድ ድምፅ የጎደለ መሰለኝ።

ሰኞ ጠዋት ሞተሪኖውን አስፈትቼ፣ በፌስታል ጠቅልዬ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ያው ነጋዴ ነው። ፌስታሉን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ሞተሪኖው ወጣ፤ ከሞተሪኖው ጋር አንድ እፍኝ ገብስና ሽምብራ ተበተነ። የፌስታሉን ታች አላየሁም ነበር።

ዕቃውን አልነካም። አንድ ሽምብራ በሁለት ጣቱ አነሳ፣ ጥላሸቱን በአውራ ጣቱ ጠረገ፣ ወደ ብርሃን አቅርቦ አገላበጠው።

«ደብረ ሲና ነበርክ እንዴ፣ ጋሼ?»

«በዕቅድ አልነበረም።»

አፉ ውስጥ ጣላት። ቀስ ብሎ ቆረጠማት። ልጁን ጠርቶ ሞተሪኖውን ሰጠው፣ ልጁም በጠባቧ መተላለፊያ ተሰወረ። ነጋዴው የተገለበጠውን ሳጥን ወደ እኔ ገፋ አደረገና ሁለተኛዋን አነሳ።

«ይሄ እንኳን» አለ፣ ዙሪያውን ሳይቃኝ፣ ድምፁንም ዝቅ ሳያደርግ፣ «ኦሪጅናል ነው።»